ስለ መስኮት አኒሜሽን የሚባሉ ነገሮችና እውነታው

ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር "አኒሜሽኑን አጥፋው" ነው። ምክሩ ጭራሽ ውሸት ነው አልልም፣ ግን አብረውት የሚዞሩት ወሬዎች ብዙ ሰው ማጥፋት የሌለበትን ነገር እንዲያጠፋ፣ ማጥፋት የነበረበትን ደሞ እንዲተው እያደረጉት ነው፣ ይሄ ነገር ከልቤ ያበሳጨኛል። አኒሜሽን ስል መስኮት ስትከፍቱ እየሰፋ ሚመጣው፣ ሚኒማይዝ ስታደርጉት ወደ ታስክባር እየጠበበ ሚወርደው፣ ሜኑ ደብዘዝ ብሎ ቀስ እያለ ሚወጣው እሱን ነው።

"አኒሜሽን ካጠፋህ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል"

አይፈጥንም። የሚቀንሰው ስራ ሳይሆን መጠበቅ ነው፣ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። መስኮት ሲከፈት አኒሜሽኑ ሚወስደው ጊዜ እንበል ሩብ ሰከንድ ማለትም 250 ሚሊሴኮንድ ቢሆን፣ ተራ 60 ኸርዝ ስክሪን አንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሴኮንድ ስለሚቀይር እስከ 15 ምስል ድረስ እያያችሁ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ስታጠፉት እነዛ 15 ምስሎች ይቀሩና መስኮቱ ዱብ ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። ብሮውዘራችሁ ለመነሳት 10 ሰከንድ ሚፈጅ ከሆነ ግን አሁንም 10 ሰከንዱን ይፈጃል፣ ምክንያቱም የሚያዘገየው ከዲስክ ላይ የሚነበበው ፋይል ነው እንጂ ስዕሉ አይደለም። ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንደተጠመደ ሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ካያችሁት ወይ ራሙ ሞልቶ ካገኛችሁት ችግራችሁ እዛ ነው፣ አኒሜሽኑን ብታጠፉትም ባታጠፉትም አይለወጥም፣ የድሮ ሃርድ ዲስክን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ከዚህ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ይሄን ስል ግን ስሜቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ሲዘል ለሚውል ሰው ያቺ ሩብ ሰከንድ በመቶ ጊዜ ስትባዛ ትታወቃለች፣ እኔም ስራ ላይ የማጠፋው ለዚሁ ነው።

"አኒሜሽን ራምና ፕሮሰሰር ይበላል"

ይሄ ወሬ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን እውነትነት ነበረው። ያኔ እያንዳንዱ ፕሮግራም መስኮቱን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ነበር ሚስለው፣ ሃንግ ያደረገ ፕሮግራም ላይ ሌላ መስኮት ስትጎትቱ ጅራት እየሰራ ስክሪኑን ሲያበላሸው ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ2007 ከቪስታ ጋር ዴስክቶፕ ዊንዶው ማናጀር ሚባለው መጣ፣ ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው ሚሞሪ ላይ ይሳልና ግራፊክስ ካርዱ ሁሉንም ደራርቦ ስክሪን ላይ ያወጣቸዋል። አኒሜሽኑ ቢበራም ቢጠፋም ይሄ ስራ አይቆምም፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮማ ይሄን አሰራር ጭራሽ ማጥፋትም አይቻልም። ስለዚ አኒሜሽን ሲጠፋ ተመልሶ ሚገኘው ራም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አኒሜሽኑ ራሱ እየተቆራረጠ ሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ። የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ስር "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ካያችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩ ማለትም ካርዱን ሚያሰራው ሶፍትዌር አልተጫነም፣ ስዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ነው ተሸክሞት ያለው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ በብዛት ሚያጋጥም ነገር ነው፣ መድሃኒቱም ድራይቨሩን መጫን ነው፣ አኒሜሽን ማጥፋት ምልክቱን መሸፈን ብቻ ነው ሚሆነው።

"ቤስት ፐርፎርማንስ የሚለውን መምረጥ ነው፣ አለቀ"

በጣም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋር ነው። ወንድሜ ላፕቶፑን አንድ ሰው "አፍጥኖለት" ከመጣ በኋላ ፊደሉ ሁሉ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ለማንበብ አይን የሚያደክም ሆኖበት ስክሪኑ ተበላሸ ብሎ ሊያስቀይር ነበር። ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ ፐርፎርማንስ ማስተካከያ ላይ "አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ" ስትመርጡት ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ምልክት በሙሉ ነው ሚያነሳው፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ የፊደልን ጠርዝ የሚያለሰልሰው "ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ" አለ፣ ፎቶዎችን ሳትከፍቱ በትንሹ የሚያሳያችሁ "ሾው ተምኔይልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይከንስ"ም አለ፣ መስኮት ስትጎትቱ በባዶ ሳጥን ፈንታ መስኮቱ ራሱ እንዲታይ የሚያደርገውም እዛው ነው። እነዚህ አኒሜሽን አይደሉም፣ መጥፋታቸውም ይሄ ነው ሚባል ፍጥነት አይጨምርም።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፦ ስታርት ሜኑ ላይ ፐርፎርማንስ ብላችሁ ፈልጉ፣ "አድጀስት ዚ አፒራንስ ኤንድ ፐርፎርማንስ ኦፍ ዊንዶውስ" የሚለውን ክፈቱ፣ "ከስተም" የሚለውን ምረጡና "አኒሜት" ብለው የሚጀምሩትን እንዲሁም "ፌድ ኦር ስላይድ" የሚሉትን ብቻ አንሱ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ምልክት እንዳደረጋችሁ ተዉአቸውና አፕላይ በሉ።

"ትራንስፓረንሲና አኒሜሽን አንድ ናቸው"

አይደሉም። አንዱ እንቅስቃሴ ነው፣ አንዱ ደሞ ታስክባሩ ኋላ ያለውን አደብዝዞ ሚያሳየው መልክ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቪዥዋል ኢፌክትስ ብትገቡ ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው።

"ሜኑ ሚዘገየው በአኒሜሽን ነው"

ሜኑ ውስጥ ያለ ንዑስ ሜኑ ላይ ማውሱን ስታደርጉ ትንሽ ቆየት ብሎ ሚከፈተው ሆን ተብሎ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን ሚያስቀምጥበት ሬጂስትሪ ውስጥ ሜኑ ሾው ዲሌይ የሚባል ቁጥር አለ፣ ሲመጣ 400 ሚሊሴኮንድ ነው፣ አኒሜሽኑን ብታጠፉትም እሱ ንቅንቅ አይልም። ወደ 100 ወይ 150 ዝቅ አድርጎ ሳይን አውት ብሎ መግባት ነው። ዜሮ አታድርጉት፣ ማውሱ ባለፈበት ሁሉ ሜኑ እየተከፈተ ያስቸግራችኋል።

"አኒሜሽን ጌጥ ነው፣ ማጥፋትም ደካማ ኮምፒውተር ላለው ነው"

ሁለቱም ስህተት ነው፣ በተለይ ይሄን ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር ገና የጀመረ ሰው ሚኒማይዝ ሲያደርግ መስኮቱ ወደ ታች ሲወርድ ካየ የት እንደሄደ ያውቃል፣ አኒሜሽኑ ከጠፋ ግን ብልጭ ብሎ ስለሚሰወርበት ጽሁፌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ለናት ለአባታችሁ ኮምፒውተር ስታስተካክሉ ይሄን አስቡበት።

በሌላ በኩል ደሞ የውስጥ ጆሮ ሚዛን ችግር ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ ስክሪን ላይ ነገር ሲሰፋ ሲጠብ ሲንሸራተት ያዞራቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ለነሱ የኮምፒውተሩ ጉልበት ምንም ቦታ የለውም፣ የመጨረሻው ሞዴል ላይም ቢሆን ማጥፋት አለባቸው። ማብሪያ ማጥፊያው ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም አክሰሲቢሊቲ ስር የተቀመጠው በምክንያት ነው፣ ማክ ላይ ስሙ ሪዱስ ሞሽን ነው። አሁን ያሉት ብሮውዘሮች ይሄን ምርጫ አንብበው ለዌብሳይቱ ይነግሩታል፣ ዌብሳይቱን የሰራው ሰው አስቦበት ከሆነ እንቅስቃሴው እዛም ይቀንሳል። ስለዚ አኒሜሽን አጥፍታችሁ የምታውቁት ዌብሳይት ድንገት ዝም ያለ ከመሰላችሁ አልተበላሸም።

"ወይ ማብራት ነው ወይ ማጥፋት"

ሊኑክስ ላይ ኬዲኢ ሚባለውን ዴስክቶፕ ምትጠቀሙ ከሆነ የአኒሜሽን ፍጥነት ሚስተካከልበት ተንሸራታች አለ፣ ሳታጠፉት ማሳጠር ትችላላችሁ፣ ለኔ ከሁሉም ይሄ ነው ምርጡ። ማክ ደሞ ሚኒማይዝ ላይ ጂኒ የሚባለውን ተጣጣፊ ኢፌክት ወደ ስኬል መቀየር ይፈቅዳል፣ ቀለል ይላል።

ማጥፋት በእርግጥ ፍጥነት ሚያመጣበት አንድ ቦታ ግን አለ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ከራሳችሁ ስክሪን ላይ ስትጠቀሙ። እዛ እያንዳንዱ የአኒሜሽን ምስል በኔትወርክ ነው ተልኮ ሚመጣው፣ ኮኔክሽኑ ደከም ካለ መስኮቱ እየተጎተተ ሲከፈት ታዩታላችሁ። ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን ላይ ኤክስፒሪየንስ በሚለው ታብ ውስጥ "ሜኑ ኤንድ ዊንዶው አኒሜሽን" የሚለውን አንሱት፣ እናንተ ጋር ያለው ኮምፒውተር ግን እንደነበረ ይቆያል።

አንድ ሰው አጥፍቶባችሁ ከሆነና መመለስ ከፈለጋችሁ ደሞ ፎርማት አያስፈልግም፣ እዛው ፐርፎርማንስ መስኮት ላይ "ሌት ዊንዶውስ ቹዝ" የሚለውን መርጣችሁ አፕላይ ስትሉ ሁሉም ይመለሳል።