የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ መሐል ባሉ መሥሪያ ቤቶች "የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ" ሲባል ብዙ ሠራተኛ ትዝ የሚለው በዓመት አንዴ ከሰው ኃይል ክፍል የሚመጣው መጠይቅ ነው። "በመጪው በጀት ዓመት የትኛውን ሥልጠና ቢወስዱ ይመርጣሉ?" ይልና ይዘረዝራል፦ አመራር፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የደንበኛ አያያዝ፣ ኤክሴል። ሠራተኛው ሁለት ሦስቱ ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሳል። መልሱ ተደምሮ ዕቅድ ይወጣል፤ ከዚያ ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ይያዛል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል።

ይህ ምርጫ መሰብሰብ ነው፤ ዳሰሳ አይባልም። ዳሰሳ ማለት ሥራው ላይ ምን እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለ፣ ጉድለቱንም ሥልጠና ይሞላው እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ከባዱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በሐቀኝነት ከተጠየቀ መልሱ ብዙ ጊዜ "አይሞላውም" ይሆናል፤ ይህን መልስ ደግሞ መስማት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ታሪኩ የተፈጠረ ነው፤ ጣጣው ግን መስኮት ላይ ሠርቶ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ሰንጋ ተራ አካባቢ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ የሚላኩ የሂሳብ መክፈቻ ፎርሞች በልደት ቀን ስህተት ከዋናው መሥሪያ ቤት እየተመለሱ ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ለሥልጠና ክፍል ይደውላሉ። "ልጆቹ የሂሳብ አከፋፈት ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ኦንላይንም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ቶሎ ይሁን።" የተለመደው ምላሽ "እሺ፣ ስንት ሰው ይሆናሉ?" የሚል ነው። ዳሰሳ የሚሠራው ባለሙያ ግን "የተመለሱትን ፎርሞች መጥቼ ልይ" ይላል።

ፎርሞቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ነገሩ ወለል ይላል። የደንበኛው መታወቂያ ኅዳር 20 ቀን 1985 ዓ.ም. ይላል፤ ሲስተሙ የሚቀበለው የፈረንጅ ቀን ነው። ትክክለኛው ኖቬምበር 29 ቀን 1992 ሆኖ ሳለ የተጻፈው 1993 ነው። ሠራተኛው እንደ ልማዱ 8 ደምሯል። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለፊያ የሚደመረው ግን 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ፣ በአብዛኛው ዓመት ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ በማግሥቱ በሚገባው ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀኖቹ ራሳቸው በአንድ ይገፋሉ።

"ታዲያ ይኸው፣ አያውቁም ማለት ነው፤ እናሠልጥናቸው" ለማለት ያጓጓል። ባለሙያው ግን መስኮት አጠገብ ወንበር ስቦ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። የሚያየው ሌላ ነው። ነባሮቹ ሠራተኞች የ7ንና የ8ን ልዩነት አሳምረው ያውቃሉ፤ ሰልፉ በር ሲደርስ ነው የሚስቱት። ስልካቸው ላይ ቀን መቀየሪያ አለ፣ ግን መስኮት ላይ ስልክ ማውጣት ክልክል ነው። ፎርሙ "የልደት ቀን" ይላል እንጂ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ አንዱ ደንበኛ የሐበሻውን፣ ሌላው የፈረንጁን ይሞላል። በቀኑ መጨረሻ የሚቆጠረው ስንት ሰው እንደተስተናገደ ነው። የተመለሰውን ፎርም የሚያርመው ደግሞ የሞላው ልጅ ሳይሆን ኋላ ክፍል ያለ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ልጅ መሳሳቱን እንኳ ሳይሰማ ሳምንቱ ያልፋል። ልዩነቱን በእርግጥ የማታውቀው በቅርቡ የተቀጠረች አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ሥልጠና የሚፈታው የእሷን ብቻ ነው። ሌላው በሌላ መንገድ ይፈታል፦ ፎርሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ለይቶ ይጠይቅ፣ ቀን መቀየሪያው ሲስተሙ ውስጥ ይግባ፣ እስከዚያው የወራት ሠንጠረዥ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፣ የተበላሸው ፎርም ለሞላው ሰው ይመለስ። አሥራ አምስት ሰው አዳራሽ አስገብቶ "የሂሳብ አከፋፈት ጽንሰ ሐሳብ" ማስተማር ለማንኛቸውም አይደርስም።

ይህን አካሄድ በሥርዓት ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቶማስ ጊልበርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የሥራ ውጤትን የሚወስኑትን ነገሮች በስድስት ከፈላቸው። ሦስቱ ከሠራተኛው ውጭ ያሉ ናቸው፦ መረጃ፣ መሣሪያ፣ ማበረታቻ። ሦስቱ ሠራተኛው ውስጥ ያሉ ናቸው፦ ዕውቀት፣ አቅም፣ የራሱ ተነሣሽነት። ጊልበርት መጀመሪያ የውጭዎቹን ፈትሹ ይላል፤ እነሱን ማስተካከል ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ሥልጠና የሚነካው በዋናነት ከስድስቱ አንዱን፣ ዕውቀትን ነው። ከእሱ ቀደም ብለው ደግሞ የሥልጠና ባለሙያዎቹ ሮበርት ሜገርና ፒተር ፓይፕ የሚጠይቁት አጭር ጥያቄ ነበራቸው፦ ሕይወቱ የተንጠለጠለችበት ጉዳይ ቢሆን ሰውዬው ሥራውን ሊሠራው ይችል ነበር? ይችል ከነበረ የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ሌላ ነገር ፈልጉ። እኔ ከሁሉም ይህን እወደዋለሁ፤ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ ክፍሉን ጸጥ ያሰኘዋል።

በነገራችን ላይ መጠይቁ ላይ "አመራር" የሚለውን መርጦ አዳማ የሚሄደውን ሠራተኛ አልወቅስም። በዛሬው ኑሮ ውሎ አበል ቀላል ነገር አይደለም። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን በሚባሉ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴዎች ስምም ስንት አዳራሽ ተሞልቷል፤ ሐሳቦቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፣ ከአዳራሹ መልስ ጠረጴዛው ላይ ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ነው ነገሩ ከሰርተፍኬት የማያልፈው።

ዳሰሳው ሥልጠና ያስፈልጋል ካለስ? ያኔም የሥልጠናውን መልክ የሚወስነው ራሱ ዳሰሳው ነው። ለአዲሷ ልጅ ልናዘጋጅ ነው እንበል። እዚህ አገር ኢ-ለርኒንግ ሲባል የሚበዛው መመሪያውን እንዳለ ስላይድ ላይ ገልብጦ "ቀጥል" የሚል ቁልፍ መትከል ነው፤ ሠራተኛው ሻዩን እየጠጣ ቀጥል፣ ቀጥል ብሎ ይጨርሰዋል፣ መጨረሻ ላይ "የደንበኛ ማንነት ማረጋገጥ ማለት ምንድን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። እሷ ግን ትርጉም ተጠይቃ አልተሳሳተችም። የሚያስፈልጋት ስክሪን ላይ ለማስተማሪያ የተሠራ መታወቂያና ባዶ ፎርም ቀርቦላት ቀኑን ራሷ ቀይራ መሙላት ነው። ስትስት "ተሳስተሻል" ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚሆነውን ያሳያት፦ ፎርሙ ተመለሰ፣ ደንበኛው እንደገና ከሥራው ቀርቶ መጣ። መስከረም፣ ኅዳር፣ የታኅሣሥ መጨረሻ፣ የካቲት፤ ጥቂት ቀኖች ይበቃሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ቀን እንደገና ትጠየቅ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ወዲያው ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከቃላቸው እያስታወሱ የጻፉት ቀደሟቸው። ባንኩም የሚፈልገው ከሳምንት በኋላ ያለውን ነው። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ሁሌ በደንበኛ የተያዘ ነው፣ ዳታም ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ከቪዲዮ ይልቅ ቅርንጫፉ ባለው የቴሌግራም ግሩፕ ጠዋት ጠዋት የምትላክ አንዲት ጥያቄ ሳትሻል አትቀርም።

ልኬቱም ከዚሁ ይነሣል። ዶናልድ ከርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቃቸው አራት የሥልጠና መመዘኛ ደረጃዎች አሉ፦ ሠልጣኞቹ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራቸው ላይ አዋሉት ወይ፣ በድርጅቱ ውጤት ላይ ምን ተለወጠ። የእኛ የማጠቃለያ ቅጽ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ አዳራሹ፣ ምሳው፣ አሠልጣኙ። ዳሰሳ የሚጀምረው ከአራተኛው ነው። በወር ስንት ፎርም ይመለሳል? ይህ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ካልተያዘ በኋላ "ሥልጠናው ውጤታማ ነበር" ማለት ወሬ ነው።

በተግባር ዳሰሳን የሚያሰናክለው ግን ሙያው አይደለም። የሥልጠና ክፍሉ ያለው በጀት የሥልጠና ነው፤ ፎርሙ የኦፕሬሽን፣ ሲስተሙ የአይቲ፣ የስልክ ክልከላው የደኅንነት ክፍል ነው። ባለሙያው ያገኘውን እውነት ጽፎ ለሦስቱም በግልባጭ ቢልክ ማንም የእኔ ነው አይልም፣ ሥራ አስኪያጇም ተመልሰው "ኧረ ሥልጠናው ምን ደረሰ?" ይላሉ። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከመሄዱ በፊት፣ ገና ስልኩ ሲደወል፣ ሊጠይቃቸው የሚገባ ነገር አለ፦ "መልሱ ሥልጠና ባይሆን፣ ፎርሙን ለማስቀየር የሚፈርምልኝ ማነው?"