«ፎቆቹ ቆመዋል፤ ለንደን ምን ጎደላት?» ለምትሉ

«ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች፤ ታዲያ ለንደን ምን ሆነች? ፎቆቹ እንደቆሙ ናቸው!» ስለ ለንደን የባንክና የፋይናንስ ሥራ ሲነሳ ይህን ከተማሩ ሰዎች አፍ ስሰማ ያበሳጨኛል። እዚያው ለንደን በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከትንንሾቹ ልጀምር። «ፓውንድ የወደቀው አገሪቱ ስትወጣ ነው» ይባላል። አይደለም፤ የወደቀው ከመውጣቷ ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት፣ የሕዝበ ውሳኔው ድምፅ በተቆጠረበት በጁን 2016 ሌሊት ነው። «ፍራንክፈርት የለንደንን ቦታ ወሰደች» የሚለውም ስሕተት ነው። ከለንደን የወጣው ሥራው በፓሪስ፣ በደብሊን፣ በአምስተርዳም፣ በሉክሰምበርግና በፍራንክፈርት ተበታተነ። በ2022 እንኳ ከዓለም የውጭ ምንዛሪ ግብይት 38 በመቶው በብሪታንያ፣ ያውም በአብዛኛው ለንደን ውስጥ ይካሄድ ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ምንም አልጎደለባትም» ባዮች፣ ሥራ የሚሄደው ባንክ ዕቃውን ጭኖ በሩን ሲዘጋ ብቻ ይመስላቸዋል። የሄደው ግን መብት ነው። ቀድሞ አንድ ባንክ ከብሪታንያ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ካገኘ፣ ከለንደን ቢሮው ሳይነሳ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ አገልግሎቱን ይሸጥ ነበር፤ ፓስፖርቲንግ ይሉታል። አገሪቱ ከወጣች በኋላም የቀድሞው ሕግ የጸናበት የመሸጋገሪያ ጊዜ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሲያበቃ ይህም አበቃ። በዋዜማው የተፈረመው የንግድ ስምምነት ስለ ዓሣ ማጥመድ በዝርዝር ሲያወራ፣ ለፋይናንስ አገልግሎት ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላስቀረለትም። ባንኮቹ በጃንዋሪ ወደ ሥራ ሲመለሱ በዩሮ የሚሸጡ አክሲዮኖች ግብይት ወዲያው ወደ አምስተርዳም ዞረ፤ በዚያ ወር አምስተርዳም በቀን በአማካይ 9.2 ቢሊዮን ዩሮ ስታገበያይ ለንደን 8.6 ቢሊዮን ላይ ቀረች። አንድም ፎቅ አልፈረሰም።

«የሥራ ቦታዎች በአሥር ሺዎች ይሄዳሉ ተብሎ 7,000 ገደማ ብቻ ሄዱ» ብለው ይሞግቱኛል። ኧርነስት ኤንድ ያንግ የተባለው የሒሳብ ምርመራና የማማከር ድርጅት በ2022 የቆጠረው በርግጥም ያን ያህል ነው። ግን የቆጠረው ከለንደን የተዛወረውን ነው፤ ለንደን ሊከፈት ሲችል ሌላ ከተማ የተከፈተውን የሥራ ቦታ ማን ቆጠረው? በአንድ ባንክ የሚሠራ ወዳጄ ክፍል ውስጥ የተባረረ የለም፤ ሰው በለቀቀ ቁጥር ግን የቅጥር ማስታወቂያው የሚወጣው ለፓሪስ ነው።

ስለዚህ ለንደን ፋይናንስ የምታጠኑ ልጆቻችን፣ ለሥራ ስትወዳደሩ ደንበኞቹ የት አገር እንዳሉ ጠይቁ። በኅብረቱ አገሮች ከሆኑ፣ ያ የሥራ ቦታ ለንደን መቆየት አለመቆየቱን ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ። የጀመራችሁትን ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ አታቋርጡ። የኔዘርላንድ ወይም የስዊድን ዜግነት ኖሯችሁ የብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድም ያላችሁ ደግሞ፣ ሁለቱንም በማመልከቻችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ቪዛ የማያስወጣውን ሰው ቀጣሪ ያስቀድማል።