ማኪንቶሽ ምንድን ነው?

ካፖርቴ ሲፈታ አንድ ክር እንኳ አልወጣውም። ልብስ ሲያረጅ ክሩ ይመዘዛል፣ ስፌቱ ይተረተራል። ይሄኛው ግን ጀርባው ላይ እንደ ፖስታ ተከፈተ። ሰፈር ላለ ላውንደሪ ሰጥቼው ነበር። ከሱፍ ልብሶች ጋር በአንድ ኬሚካል አጠቡት። ስረከበው ጨርቁ ደህና ነው፤ መጋጠሚያው ግን ለቋል። ትከሻው አካባቢ ደግሞ ጨርቁ ራሱ ለሁለት ተላቆ ተነፍቷል። በጣም ነው ያዘንኩት። ከሰልባጅ ልብስ መሀል ፈልጌ ያገኘሁት፣ አምስት ክረምት ያሳለፈኝ ልብስ ነው።

የተላቀቀውን ቦታ በጣቴ ስገልጠው ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ገባኝ። ከላይ ጥጥ ነው። ከሥር ጥጥ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ጎማ አለ። ዝናቡን የሚያቆመው ያ የማይታየው ጎማ ነው። እንግሊዞች ይህን ልብስ ማኪንቶሽ ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ ማክ። ዛሬ እነሱም ማንኛውንም የዝናብ ካፖርት ማክ ማለት ለምደዋል። እውነተኛው ማኪንቶሽ ግን ይሄ ነው፦ ሁለት ጨርቅ፣ መሀላቸው ጎማ። (ኮምፒውተሩ ሌላ ነው። እሱ ስሙን ያገኘው ከአንድ የአፕል ፍሬ ዝርያ ነው።)

ስሙ የሰው ስም ነው። ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1766 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎው ተወለደ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰውየው ልብስ ሰፊ አልነበረም። አባቱ የጨርቅ ቀለም የሚያመርት ነጋዴ ነበር፤ እሱ ደግሞ የኬሚስትሪ ሰው ሆነ። በዚያ ዘመን ግላስጎው የጋዝ መብራት እየገባላት ነበር። ጋዙ የሚወጣው ከድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉ በዝግ ምድጃ ሲጋል ጋዙ ይወጣል፣ ቅጥራንና አሞኒያ ይተርፋል። ትራፊው ለጋዝ ፋብሪካው ሸክም ነበር። ማኪንቶሽ በ1819 ሊገዛው ተዋዋለ። የፈለገው አሞኒያውን ነበር፣ ለቀለም ሥራ። ቅጥራኑን ሲያነጥረው ግን ናፍታ የሚባል ቀጭን ፈሳሽ ተረፈው። ናፍታ ከእኛ ናፍጣ ጋር በስም ቢዛመድም አንድ አይደለም። ጠባዩ ወደ ቤንዚን ያደላል፤ ቶሎ ይተናል።

ናፍታ ደግሞ ጎማን ያሟሟል። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ጄምስ ሳይም ነው። በ1818 ገና የኤደንብራ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ በኋላ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ሆነ። ማኪንቶሽ ግኝቱን ወደ ሥራ ለወጠው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት ግላስጎው መሄድ አያስፈልግም። ጎሚስታ ጋ ቆሞ ማየት ይበቃል። ካመነዳሪ ሲለጥፍ መጀመሪያ ማስቲሹን ይቀባል። ከዚያ ወዲያው አይለጥፍም፤ ትንሽ ይጠብቃል። ሽታው ወደ አፍንጫችን የሚመጣው ያኔ ነው። ፈሳሹ እየተነነ፣ ጎማው እየቀረ ነው። ከዚያ ለጣፊውን አስቀምጦ በደንብ ይጫነዋል። ማኪንቶሽም ያደረገው ይህንኑ ነው። በናፍታ የሟሟ ጎማ ጨርቅ ላይ ቀባ፣ ሌላ ጨርቅ ደረበበት፣ ተጫነው። በ1823 ለዚህ አሠራር የባለቤትነት መብት አወጣ።

ጎማ ዝናብ እንደማያስገባ ማወቅ የእሱ ግኝት አልነበረም። የአማዞን አካባቢ ሕዝቦች የዛፉን ወተት ጨርቅና ጫማ ላይ እየቀቡ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ማኪንቶሽ የጨመረው መደበቁን ነው። ጎማ ውጭ ላይ ሲሆን ይጣበቃል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ ለዓይንም ደስ አይልም። በሁለት ጨርቅ መሀል ሲገባ ግን የሚነካው የለም። ከውጭ የምታዩት ጥጥ ብቻ ነው።

ጨርቁ ከካፖርት ሌላ ሥራም ነበረው። ጆን ፍራንክሊን በ1825 ወደ ሰሜን አሜሪካ የበረዶ ምድር ሲጓዝ ዎልነት ሼል የምትባል ተፈትታ የምትገጣጠም ትንሽ ጀልባ ይዞ ነበር። የጀልባዋ ልባስ የማኪንቶሽ ጨርቅ ነው።

ካፖርት ላይ ሲደርስ ግን ችግር መጣ። ችግሩ መርፌ ነው።

እስቲ አስቡት። ጨርቁ ውኃ አያስገባም። ልብስ ሰፊው ግን እንደለመደው ቆርጦ ይሰፋዋል። መርፌው በገባበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል። ትከሻ ላይ ብቻ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሩ። ዝናቡ በዚያው ይገባል፤ ክሩም ውኃ እየሳበ ወደ ውስጥ ያደርሳል። ደንበኛው «ውኃ አያስገባም ብላችሁኝ!» ብሎ ሲመጣ ተወቃሹ ጨርቁ ሆነ። ማኪንቶሽና አጋሮቹ ልብስ ሰፊዎቹን ማሳመን ስላቃታቸው ካፖርቱን ራሳቸው ወደ መሥራት ገቡ።

ለእኔ የማኪንቶሽ ውበት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ውኃ የሚገባው ልብሱ በተጋጠመበት ቦታ ከሆነ መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ መጋጠሚያውን መቀነስ ነው። ሌላው መጋጠሚያውን በክር ሳይሆን በማስቲሽ ማያያዝ ነው። ስለዚህ ካፖርቱ ቁርጡ ጥቂት ሆነ። ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወገቡ ላይ እጥፋት የለውም። ትርፍ ጌጥ የለውም፤ እያንዳንዱ ጌጥ አዲስ ቀዳዳ ነዋ። ዛሬ አይተን «እንዴት ያለ ንጹህ ቅርጽ ነው» የምንለው ያንን ነው። ንድፍ አውጪ ተቀምጦ ያማረ መስመር ፍለጋ የሳለው አይደለም። ዝናብ ራሱ ያስገደደው ቅርጽ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ፋሽን ሲቀያየር እሱ ብዙም ያልተለወጠው ለዚህ ይመስለኛል። ዝናቡም አልተለወጠም።

የመጀመሪያዎቹ ካፖርቶች ግን ለመልበስ ያስቸግሩ ነበር። ይሸታሉ። በብርድ እንደ ጣውላ ይደርቃሉ። በሙቀት ይለሰልሳሉ፣ ይጣበቃሉ። ጨርቁ ሱፍ ከሆነ ደግሞ የሱፉ ቅባት ጎማውን ይበላዋል። ጥሬ ጎማ እርስ በርሱ እንዳልተያያዘ ረጅም ክር ነው ማለት ይቻላል። ሲሞቅ ክሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። የሚያስራቸው ነገር ያስፈልግ ነበር። ማሰሪያው ድኝ ሆኖ ተገኘ።

አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማና ድኝ አንድ ላይ ሲሞቁ ጎማው እንደሚጸና፣ ከዚያ በኋላ በሙቀት እንደማይቀልጥ ደረሰበት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የማኪንቶሽ አጋር የነበረው ቶማስ ሃንኮክ የጉድይርን ናሙና አይቶ በራሱ መንገድ ሠራውና በ1843 ለባለቤትነት መብት ቀድሞ አመለከተ። ማኪንቶሽ በዚያው ዓመት ሞተ። ጉድይርም በ1860 ከነዕዳው አለፈ። ጎማ ላይ ስሙን የምናነበው ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ነው፤ ሰውየው ከሱ ያገኘው ነገር የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ድኝ ከገባ በኋላ ካፖርቱ ሰው የሚለብሰው ሆነ። ስሙ ላይም በመሀሉ አንድ ፊደል ተጨመረ። በእንግሊዝኛ ሰውየው ያለ «ኬ» ይጻፋል፣ ካፖርቱ ግን «ኬ» አለው።

ዛሬም በዚህ አሠራር የሚሠሩ አሉ። ከታወቁት አንዱ ከግላስጎው ብዙ ሳይርቅ ከምበርኖልድ በምትባል ከተማ የቆየው የማኪንቶሽ የእጅ ሥራ ነው። ድርጅቱን በ2007 ያጊ ጹሾ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ገዝቶታል። ሠራተኛዋ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች። ማስቲሹን በጣቷ ትቀባለች። ጣት የሚያውቀውን ውፍረት ማሽን አያውቀውም። ጠርዙን በጠርዝ ላይ ታሳርፋለች፣ በትንሽ ተሽከርካሪ ብረት ትጫነዋለች። ከዚያ ከውስጥ በኩል መጋጠሚያውን ተከትላ ጥብጣብ ትለጥፋለች። መርፌ የግድ የነካው ቦታ ካለ እሱም በጥብጣብ ይሸፈናል። ከተዛነፈ መተርተር የለም። ክር ይፈታል፤ ማስቲሽ ግን ጨርቁን ይዞ ነው የሚነሳው። ዋጋው የሚከብደው ለዚህ ነው።

ከሌሎቹ የዝናብ ልብሶች ጋር አታምታቱት። ትሬንች ኮት የሚባለው፣ ቀበቶና የትከሻ ማሰሪያ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጋበርዲን ነው። ጋበርዲን የቶማስ በርበሪ ሥራ ነው፣ 1879። እሱ ክሩን ከመሸመኑ በፊት በመድኃኒት ነክሮ አጥብቆ ሸመነው። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፤ ረጅም ዶፍ ላይ ግን ይሸነፋል። ሰም የተቀባው የእንግሊዝ ገጠር ጃኬት ሌላ ነው፤ ሰሙ ሲያልቅ እንደገና መቀባት አለበት። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚለብሱት ጎርቴክስ ደግሞ በ1969 ቦብ ጎር ካገኘው ስስ ፕላስቲክ የመጣ ነው። የላብ እንፋሎት ያስወጣል፣ የዝናብ ጠብታ አያስገባም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ማኪንቶሽ አይተነፍስም። ውኃ የማያስገባው ጎማ ላብም አያስወጣም። ብብቱ ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎች ይተዉለታል፣ ካፖርቱም ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ያም ሆኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው አልመክረውም። የደጋ እረኛ ገሳ በዚህ ይበልጠዋል። የሣር ገሳ ውኃውን አያግድም፤ በሣሩ ላይ ቁልቁል ያንሸራትተዋል፣ ከሥር ደግሞ አየር ይዞራል። ማኪንቶሽ የከተማ ልብስ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆም፣ ቀስ ብሎ ለሚራመድ፣ ብርድ ላለበት አገር። የአዲስ አበባ ሐምሌ በትክክል እንደዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዶፉ ሲወርድ፣ በረዶ ሲቀላቀልበት፣ ጃንጥላ በነፋስ ሲገለበጥ፣ ትከሻዬ ላይ የጠብታ ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር። ደረቅ ሆኖ ዝናብ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል!

ሰልባጅ ስትፈልጉ እንዲህ ለዩት። ካፖርቱን ገልብጡትና መጋጠሚያውን ተከትሎ የተለጠፈ ጥብጣብ እንዳለ እዩ። ጨርቁን በእጃችሁ ጨምቁት፤ እንደ ጥጥ አይተኛም፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ትንሽም ይንኮሻኮሻል። አሽትቱት፤ ጎማው ይታወቃል። ጥብጣቡ ከተላላጠ ወይም ውስጡ ከተጣበቀ ጎማው አርጅቷልና ተዉት። አገኛችሁት እንበል፤ ካውያ እንዳይነካው። ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሰፊ መስቀያ ላይ አድርጉት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ላውንደሪ ደግሞ በፍጹም። የሱፍ ቆሻሻ የሚያወጣው ኬሚካል እንደ ናፍታ አሟሚ ነው። ናፍታ ጎማውን አሟሙቶ ጨርቁ ውስጥ አስገባው፤ የላውንደሪው ኬሚካል ደግሞ ማስቲሹን አላልቶ ያስለቅቀዋል። ያጠበው ልጅ ይህን አያውቅም ነበር። የሰጠሁት እኔም አላወቅሁም።

ካፖርቱን አልጣልኩትም። ሰፈራችን ጥግ ላይ ለሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፌት አይፈልግም» አለኝ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረገው። የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፈተ፣ በጣቱ ቀባ፣ ጠበቀ፣ አጋጠመ፣ በመዶሻው እጀታ ተጫነው። ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ካመነዳሪ የቆረጠውን ቀጭን ጥብጣብ ለጠፈበት። ትከሻው ላይ የተነፋው ቦታ እንዳለ ነው፤ እሱ አይድንም። ጀርባው ግን ይዟል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ የያዘኝ ዶፍ ቤት እስክደርስ አላባራም፤ ሸሚዜ ደረቅ ነበር።