ስለ ጨረር አደጋ ለሕዝብ መናገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ በእጅ አይዳሰስም፤ በመሆኑም አብዛኛው ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀው ሌላው የነገረውን ብቻ ነው። ተናጋሪው ካልታመነ ትክክለኛ ምክርም ሰሚ ያጣል። ይህን እምነት የሚያሳጡ አንዳንድ አመለካከቶች ግን ዛሬም በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር ይደመጣሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሕዝቡ እንዳይሸበር፣ ሁሉም ነገር እስኪጣራ ዝም ማለት ይሻላል።»

እውነታው፦ የቼርኖቢል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት ሲፈነዳ፣ በአጠገቡ የምትገኘው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እስኪወጡ ድረስ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። የሶቪየት መንግሥትም አደጋውን በይፋ ያመነው ኤፕሪል 28 ቀን ምሽት፣ በስዊድን የፎርስማርክ ማመንጫ ባልተለመደ መጠን ጨረር ከተገኘ በኋላ ነው። ዝምታው ያስከፈለው ዋጋ በክብር ብቻ የሚለካ አይደለም። ከማመንጫው የወጣው ጨረር አመንጪ አዮዲን-131 በሣር ላይ አርፎ በላሞች በኩል ወደ ወተት የሚገባ፣ በታይሮይድ ዕጢ የሚከማች፣ መጠኑም በየ8 ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ልጆች ለጥቂት ሳምንታት ትኩስ ወተት እንዳይጠጡ በጊዜው ቢመከር ኖሮ ብዙዎቹን ከታይሮይድ ካንሰር መጠበቅ ይቻል ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሰው የሚፈራው ሳይንሱን ስለማያውቅ ነው፤ አሃዙ በንጽጽር ቢቀርብለት ይረጋጋል።»

እውነታው፦ የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ያህል ጨረር እንደሚያገኘው መናገር ትክክልም ጠቃሚም ነው። ማሳው የተበከለበትን ገበሬ ግን «ከአንድ የሲቲ ስካን ምርመራ ያነሰ ነው» ብሎ ማጽናናት ንቀት ይመስላል፤ ታማሚው ምርመራውን ለራሱ ጥቅም ፈቅዶ ያደርገዋል፣ ብክለቱ ግን ገበሬው ሳይጠየቅ የተጫነበት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ስሎቪክ እና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ሰዎች አደጋን የሚመዝኑት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በፈቃዳቸው የገቡበት መሆን አለመሆኑንም አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ የኒውክሌር ማመንጫ አደጋ ጊዜ ባለሥልጣናት «ወዲያውኑ ጤናን የሚጎዳ አይደለም» እያሉ ሲደጋግሙ፣ ብዙዎች የተረዱት ቆይቶ እንደሚጎዳቸው ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ባለሙያ እርግጠኛ ሆኖ ካልተናገረ አይታመንም።»

እውነታው፦ እኔ ከሁሉም በላይ ጎጂ ሆኖ የማገኘው ይህንኑ ነው። ከቼርኖቢል የተነሣው ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሰሜን እንግሊዝ፣ ኩምብሪያ ውስጥ በዝናብ ሲወርድ፣ መንግሥት በ1986 በበጎች ሽያጭ ላይ የጣለው እገዳ ለ3 ሳምንት ብቻ እንደሚቆይ ተነገረ። ግምቱ የተመሠረተው ሲዚየምን አጥብቆ በሚይዝ የሸክላ አፈር ባሕርይ ላይ ሲሆን፣ የደጋው አፈር ግን አሲዳማና የበሰበሰ ዕፅዋት የበዛበት ስለሆነ ሲዚየሙ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ በጎቹ መመላለሱን ቀጠለ። የመጨረሻዎቹ እገዳዎች የተነሡት በ2012 ነው። እረኞቹ አፈራቸውንም መንጋቸውንም ያውቁ ነበር፤ ተመራማሪዎች በጎቹን በታጠረ ቦታ አስገብተው ሊሞክሩ ሲነሡ፣ በሰፊ መስክ መሰማራት የለመደ በግ በአጥር ውስጥ እንደሚከሳ ነግረዋቸው ሰሚ አላገኙም፤ ሙከራውም በኋላ ተቋረጠ። «ገና አላወቅንም፤ የአፈሩን ናሙና እየመረመርን ነው፤ ውጤቱን በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ቢባሉ ኖሮ ይታገሡ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ልኬት የባለሙያ ሥራ ነው፤ በሕዝብ እጅ ከገባ ግራ ያጋባል።»

እውነታው፦ በፉኩሺማ ግዛት፣ በኢዋኪ ከተማ በምትገኘው የሱኤትሱጊ መንደር ነዋሪዎች የተቀበሉትን ጨረር በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ ዶዚሜትር ይዘው ይውሉና ንባቡን ከውሏቸው ጋር ያመሳክሩ ነበር። ልኬቱ የት ቦታና መቼ ከፍ እንዳለ ራሳቸው ስላዩ፣ የትኛውን ልማዳቸውን መቀየር እንደሚያስፈልግ የወሰኑት እነሱው ናቸው። ይህ የሚሠራው ግን ንባቡን አብሯቸው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ በተደጋጋሚ ሲመላለስ፣ የማጽዳትና የመካስ ኃላፊነትም መሣሪያውን በተቀበሉት ሰዎች ትከሻ ላይ ሳይወድቅ ሲቀር ነው።