ቋሚ ወይስ ኮንትራት? ገበያ ሲቀዘቅዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሥራ ፈላጊዎች ከተገናኙ ወሬው ብዙም ሳይቆይ እዚህ ይደርሳል፦ «ቋሚ ነው ኮንትራት?» ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ቱሪስት ቀረ። በ2013 ጦርነት መጣ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልሉ የጸጥታ ችግር መንገዱንም እንግዳውንም ያዘው። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ጀልባዎች ታስረው የሚውሉበት ቀን በዛ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ኑሮው ጥሎት ሄደ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው መጨነቁ ደግ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙው ሰው የሚወስነው «ቋሚ» ወይም «ኮንትራት» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ መሆኑ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። የሚፈርመውንም ወረቀት እስከ መጨረሻው አያነብም። ከታች ያሉትን አባባሎች ደጋግሜ እሰማቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ሰው የሚጎዳውም በዚያች ግማሽ ነው።

«ቋሚ ከሆንኩ ማንም አይነካኝም»

ይነካዎታል። በግል ድርጅቶች ላይ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ገበያ ሲያጣ ወይም ትርፉ ሲቀንስ ሠራተኛ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ሌላም መንገድ አለ። ድርጅቱ ያላሰበው የገንዘብ ችግር ከደረሰበትና ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ፣ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቆ የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። እገዳው እስከ 90 ቀን ሊሄድ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ውሉ አልፈረሰም፤ ደመወዝም የለም። እንግዳ ያጣ ሆቴል ውስጥ ለሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ቋሚነት ትርፉ ምንድን ነው? እርስዎን ማሰናበት ለአሠሪው ውድ ይሆናል። በቁጥር እንየው። ደመወዝዎ 12,000 ብር ነው እንበል፤ አራት ዓመት አገልግለዋል፤ ቅነሳ መጣ። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። አራት ዓመት ሲሆን ወደ ሁለት ወር ደመወዝ ይጠጋል። በቅነሳ ለተሰናበተ ሰው ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ካሳ ይታከላል። ድምሩ ግብር ሳይቆረጥ ወደ 48,000 ብር ገደማ ነው። በዚህ ላይ አሠሪው የሁለት ወር ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያውን ካልሰጠ የጊዜውን ደመወዝ ይከፍላል። ማስታወቂያው ከደረሰዎት ቀን ሲቆጠር ግማሽ ዓመት የሚጠጋ መተንፈሻ አለዎት ማለት ነው። ኮንትራት ያለው ሰው ጊዜው ሲሞላ ውሉ በራሱ ያበቃል፤ ይህ ካሳ አይመለከተውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ግን አለ። በቅነሳ ጊዜ ቅድሚያ የሚቀሩት ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ናቸው። እኩል ከሆኑ ግን በቅድሚያ የሚወጣው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት ስምንት ዓመት የሠሩበትን ቋሚ ሥራ ትንሽ ለሚበልጥ ደመወዝ ትተው ሌላ ቋሚ ሥራ ቢገቡ፣ በአዲሱ ቤት መጨረሻ የገቡት እርስዎ ነዎት። እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜም ይጠብቅዎታል። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ መሰናበት አለ። «ከቋሚ ወደ ቋሚ ነው የሄድኩት» ብሎ ልብን ማሳረፍ አይቻልም።

«ኮንትራት ሠራተኛ መብት የለውም»

ይህን የሚያስፋፉት አንዳንድ አሠሪዎች ጭምር ናቸው። በግል ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው በሕጉ ፊት ሠራተኛ ነው። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ጣሪያ ለእሱም ይሠራል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ስድስት ወር የሠራ ሰው በዚያው ልክ ተሰልቶ ወደ 8 ቀን ያገኛል። ሳይወስደው ውሉ ካበቃ በገንዘብ ይከፈለዋል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቢታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ አለው።

ከሁሉም በላይ ይህ ቢታወቅልኝ ደስ ይለኛል። በሕጉ መሠረት የሥራ ውል መነሻው ላልተወሰነ ጊዜ ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው። ፈቃድ የወጣን ሠራተኛ መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና፣ ወቅታዊ ሥራ፣ ተጀምሮ የሚያልቅ የተለየ ሥራ፣ እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። አሁን አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ እናስብ። የሦስት ወር ውል ትፈርማለች። ሲያልቅ ሌላ ሦስት ወር። ከዚያ ሌላ። ሁሌም ወረቀቱ ላይ «ለጊዜያዊ የሥራ ጫና» ተብሎ ተጽፏል። እንግዳ መቀበል ግን የሆቴሉ የዘወትር ሥራ ነው፤ የሚቆምበት ቀን የለም። እንዲህ ያለ ውል ስሙ ኮንትራት ቢሆንም ሥራው ቀጣይነት ያለው ስለሆነ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ሊቆጠር ይችላል። ይህች ልጅ ወረቀቶቿን መጣል የለባትም። እያንዳንዱን ውል፣ የደመወዝ ስሊፕ፣ የመውጫና መግቢያ ፊርማ ኮፒ አድርጋ ቤቷ ታስቀምጥ። ጉዳዩ ችሎት ቢደርስ የሚናገሩላት እነሱ ናቸው።

በቃል ብቻ የተቀጠረም አለ። በካፌም፣ በግንባታ ቦታም ብዙ ነው። የቃል ውልም ውል ነው። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይጠይቁ።

«የኮንትራቱ ደመወዝ ስለሚበልጥ ያዋጣል»

አንዳንዴ ያዋጣል። ግን ወርን ከወር ጋር ማወዳደር ሰውን ያሳስታል። ቋሚው 12,000፣ የስድስት ወር ኮንትራቱ 18,000 ብር ነው እንበል። የኮንትራቱ ድምር 108,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሥራ ቢያጡ ዘጠኙን ወር ያካፍሉት፤ በወር 12,000 ይመጣል። ልዩነቱ አለቀ። ቋሚው ላይ ጡረታ ካለና ኮንትራቱ ላይ ከሌለ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። በግል ድርጅት ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የአሠሪው ድርሻ ከ12,000 ላይ 1,320 ብር ነው። ይህን ሲጨምሩ ሁለት ወር ሥራ ማጣት ብቻ የኮንትራቱን ብልጫ ከሞላ ጎደል ይበላዋል። ግብርም አለ። የደመወዝ ግብር የሚቆረጠው በየወሩ ነው፤ ደመወዝ ሲጨምር የሚቆረጠው መቶኛም ይጨምራል። ሥራ የፈቱበት ወር የተቆረጠውን አይመልስልዎትም።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከኮንትራቱ በኋላ ስንት ወር ቤት እቀመጣለሁ? መልሱ እንደ ሙያው ይለያያል። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ወይም ሲቪል ኢንጂነር በኮሪደር ልማቱና በግል ግንባታው መካከል እየተዘዋወረ ብዙም ላይቀመጥ ይችላል፤ ክረምቱ ግን ያቀዘቅዘዋል። በቱሪስት የሚኖር አስጎብኚ የሚያወዳድረው ሌላ ነው። ጥምቀትና ገና ደህና ቢሆኑለት እንኳ ዝናቡ ሲገባ እጁ ባዶ ነው። በፕሮጀክት የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ቀጣዩ ፕሮጀክት መቼ እንደሚመጣ በእርዳታ ሰጪው እጅ ነው።

በደመወዝ የማይለካም ነገር አለ። ቋሚ ሠራተኛ የሥራ ዋስትና ደብዳቤ ያጽፋል። ባንክም ሆነ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይህን ደብዳቤ ይፈልጋል። ወንድሙ ሥራ ሲገባ ዋስ አምጣ ቢባል ቋሚው ሰው ዋስ ይሆነዋል። ቤተሰቡ ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ እሱ ብቻ የሆነ ሰው ሥራውን ሲለቅ አብረውት የሚናጉ ሰዎች አሉ። ይህን ሒሳብ ውስጥ ሳያስገባ የሚወስን ብዙ ነው።

«ኮንትራት ቢያንስ እስከ ቀኑ ድረስ ዋስትና ነው»

ግማሹ እውነት ነው። አሠሪው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከቀኑ በፊት ካሰናበተዎት እስከ ውሉ ማብቂያ ያለውን ደመወዝ በካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ጣሪያው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። ችግሩ ውሉ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። በፕሮጀክት ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ «በጀቱ ከተቋረጠ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉ ይቋረጣል» የሚል ሐረግ ከገጹ ግርጌ ይገኛል። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ምን እንደሆነ አይተናል። በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች በአገር ደረጃ ውላቸው ተቋርጧል። አንዳንዶቹ ውላቸው ገና ወራት ይቀሩት ነበር።

ቀጣሪዎቹ ሲጠየቁ ፕሮጀክቱ «እስከ 2020 ነው» ይላሉ። እርስዎ «ገንዘቡስ የተፈቀደው እስከ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ፕሮጀክት ዕቅዱ አምስት ዓመት፣ በእጁ ያለው በጀት የአንድ ዓመት ነው።

«መንግሥት ቤት በኮንትራት ከገባሁ ቋሚ መሆኔ አይቀርም»

ይቀራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው፤ ከላይ ያልኩት አዋጅ እሱን አይመለከትም። ቋሚ ለመሆን የጸደቀ መደብ፣ በጀትና ውድድር ያስፈልጋል። ኮንትራት መሆን ልምድ ይሰጥዎታል፤ ወረፋ አይዝልዎትም። ኃላፊው «አይዞህ፣ እናስገባሃለን» ቢልዎት ከልቡ ሊሆን ይችላል። መደቡ ከሌለ ግን እሱም አቅም የለውም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»

ተረቱ ጥሩ ነው፤ አሁን ግን ቤተሰብ ልጁን ከማንኛውም ኮንትራት የሚያስቀርበት ሆኗል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ በብብቷ ያለው ምንድን ነው? ለእሷ የስድስት ወር ኮንትራት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፣ ገቢ ነው፣ የሚያውቃት ሰው ነው። «ቋሚ እስኪገኝ ጠብቂ» የሚላት አባት ደግነቱ ይገባኛል። ግን ሲቪዋ ላይ ያለው ክፍተት በየወሩ ይሰፋል። ቀጣሪ ደግሞ ያንን ያያል። እኔ ብጠየቅ ትግባ ነው የምለው።

ሦስት ልጅ ይዞ፣ ዋስ ሆኖ፣ ብድር እየከፈለ ያለ አባወራ ግን ሌላ ነው። ለእሱ ኮንትራቱ አንድ ተኩል እጥፍ ቢከፍል እንኳ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ባንክ ሳያስቀምጥ ባይነሳ ይሻለዋል። ከተነሳም ደመወዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ላይ ይደራደር። 30 ቀን የሚለውን 60 ማስደረግ አንዳንዴ 2,000 ብር ከማስጨመር ይቀላል፤ አሠሪው ዛሬ ከኪሱ የሚያወጣው የለምና።

በመጨረሻ፣ ሥራዎን ያለ አግባብ ካጡ ጊዜው አይጠብቅዎትም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል። «ሽማግሌ ይግባበት፣ ትንሽ እንጠብቅ» ሲባል ወራት ያልፋሉ። ሽማግሌው ይግባ፤ ማመልከቻው ግን ቀኑ ሳያልፍ ይግባ። ክስ ቀርቦም መታረቅ ይቻላል።