ዋኤሬቦ፦ ስለ ኢንዶኔዥያዋ የቡና መንደር የሚወራው እና እውነታው

ፎቶውን ሳታዩት አልቀራችሁም። ጉም በሸፈነው ተራራ መሃል፣ አረንጓዴ ሜዳ ላይ፣ ጫፋቸው የሾለ ሰባት ግዙፍ የሣር ቤቶች ዙሪያውን ቆመዋል። ቦታው ዋኤሬቦ ይባላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በፍሎሬስ ደሴት፣ ማንጋራይ በሚባለው አውራጃ ያለ ትንሽ የገበሬ መንደር ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አብሮት የሚዞር ወሬም አለ። አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ስህተት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ሰው ቤቶቹን አይቶ ገበሬዎቹን ሳያይ ማለፉ ነው። ስለዚህ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቤቶቹ ከጥንት ጀምሮ ሳይነኩ የቆዩ ናቸው»

አይደሉም። በ2008 ከሰባቱ ቤቶች የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ያረጁና ጥገና የሚሹ ነበሩባቸው። በዚያ ዓመት ዮሪ አንታር የሚባል ኢንዶኔዥያዊ አርክቴክት ከባልደረቦቹ ጋር ወደ መንደሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ በ2011 ሰባቱም ቤቶች እንደገና ተሟሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቤቶቹን የሠራው የከተማ ሥራ ተቋራጭ አይደለም፣ የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። ገንዘቡና ድጋፉ ከውጭ መጣ እንጂ እንጨቱን የቆረጡት፣ ጫካ ወርደው ራታኑን (እንደ ገመድ የሚያገለግለውን ሐረግ መሰል ተክል) ያመጡት፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሣሩን ያሰሩት ነዋሪዎቹ ናቸው። አሠራሩ በጽሑፍ የተቀመጠ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ወጣቶቹ አጠገባቸው ሆነው እየሠሩ ተማሩት፣ ከከተማ የመጡት ተማሪዎች ደግሞ እያዩ መዘገቡት። ለእኔ ከቤቶቹ መዳን የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ሌላ አሥር ዓመት ቢቆይ ኖሮ የሚጠየቅ ሽማግሌ ላይገኝ ይችል ነበር።

«ያው ጎጆ ቤት ነው»

ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ጎጆ ይመስላል፣ እውነት ነው። ግን ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ውስጡ ደግሞ አምስት ፎቅ አለው። ምባሩ ኒያንግ ይሉታል። ምሰሶና ወጋግራው የሚያያዘው በሚስማር ሳይሆን በራታን ገመድ ታስሮ ነው፤ ወለሉም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ተቀምጧል።

አንደኛው ፎቅ ሰው የሚኖርበት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ከበሮዎቹ በሚቀመጡበት በዋናው ቤት ደግሞ ስምንት። እያንዳንዱ ቤተሰብ በግድግዳው ዙሪያ የተከለለ የራሱ ክፍል አለው፣ መሃሉ የጋራ ነው፣ ምድጃውም እዚያው ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ምግብና የቤት ዕቃ ይቀመጣል። ሦስተኛው ላይ ለሚመጣው ዓመት የሚዘራ ዘር። አራተኛው ላይ፣ ዝናቡ ቀርቶ ምርት ቢጠፋ የሚበላ የክፉ ቀን ስንቅ። አምስተኛው፣ ጫፉ ላይ ያለው ጠባብ ቦታ፣ ለአያት ቅድመ አያቶች መሥዋዕት የሚቀርብበት ነው። ከታች የሚነሳው የምድጃ ጭስ በየፎቁ አልፎ ሲወጣ እንጨቱንና ጣሪያውን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። እንግዲህ ፎቶ የሚያነሳው ሰው «እንዴት ያምራል» የሚለው ቤት፣ ዘሩን የት ያስቀምጥ፣ ረሃብ ቢመጣ ምን ይብላ ብሎ ሲጨነቅ የኖረ ገበሬ ያወጣው ፕላን ነው። ውበቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

«ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል»

በየጉዞ ማስታወቂያው ይባላል፣ ግን ስህተት ነው። ዋኤሬቦ በ2012 ያገኘው ዩኔስኮ በእስያና ፓስፊክ ለቅርስ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ከፍተኛውን ነው። የተሸለመውም እንደገና የመገንባቱ ሥራ ነው። የዓለም ቅርስ መዝገብ ሌላ ነገር ነው።

«ኢንዶኔዥያ ከሆነ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሩዝ ገበሬዎች ናቸው»

ከመላው ዓለም ብዙ ሙስሊም ያለባት አገር ኢንዶኔዥያ ስለሆነች ግምቱ አይገርምም። ፍሎሬስ ግን አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ ነው። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ይዘውት የመጡት እምነት ነው። የዋኤሬቦ ሰዎችም ካቶሊክ ናቸው፤ በመንደሩ መሃል ደግሞ ቾምፓንግ የሚባል ክብ የድንጋይ መሠዊያ አለ፣ አያቶች የሚከበሩበት። ሁለቱን አብረው ይዘው ይኖራሉ።

ሩዙን በተመለከተ፣ ይበሉታል እንጂ እዚያ ከፍታ ላይ አያመርቱትም። የዋኤሬቦ ኑሮ ቡና ነው። የተለቀመው ቡና ተፈልፍሎ ይታጠብና ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ በተነጠፈ ሸራ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ስትወጣ ይዘረጋል፣ ጉሙ ሲወርድ ተሯሩጠው ይሰበስቡታል። ሴቶቹ በሙቀጫ ይወቅጡታል፣ በሰፌድ ያበጥሩታል፤ የአገራችን ሰው ቢያያቸው ምንም የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ከዚያ በጆንያ ሆኖ በሰው ትከሻ ቁልቁል ይወርዳል። መኪና ታች ይቀራል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በጫካ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚወስድ የእግር መንገድ ነው። ሩዙ፣ ጨውና ዘይቱም ተገዝተው በዚያው መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ። አንድ ስኒ ቡና ሲቀዳላችሁ ከጀርባው ያለው ጉልበት ይሄ ነው።

«ቡናው የደሴቶቹ የራሳቸው ተክል ነው»

ይሄኛው የእኛም ጉዳይ ነው። ዋኤሬቦ ውስጥ ሁለቱም የቡና ዓይነቶች፣ አረቢካም ሮቡስታም፣ ይበቅላሉ። አረቢካ መጀመሪያ የበቀለው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው፤ ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ። በ1690ዎቹ ደግሞ ሆላንዶች ከሕንድ ማላባር ዳርቻ ወደ ጃቫ ወሰዱት፣ ከጃቫም ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ተዛመተ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ የጃቫን አረቢካ ሲያወድመው በ1900 አካባቢ ሮቡስታ መጣ። እሱም ቢሆን ዘሩ ከኮንጎ ነው። ስለዚህ «የጃቫ ቡና»፣ «የፍሎሬስ ቡና» ሲባል የምንሰማው ሁሉ ሥሩ አፍሪካ ነው። ይህን ማለቴ የእነሱን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ ተክሉን ከተቀበሉ በኋላ ኑሯቸውን የሠሩበት እነሱ ናቸው።

«ከዓለም ተነጥለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው»

ይህ አባባል ያናድደኛል። መንደሩ ውስጥ ትምህርት ቤት ስለሌለ ልጆቹ ታች ኮምቦ የሚባለው መንደር ሆነው ይማራሉ። ብዙ ቤተሰብ እዚያም ቤት አለው፤ ወላጆች በሁለቱ መሃል ሲመላለሱ ይኖራሉ። ገበያ ይወርዳሉ፣ የቡና ዋጋ ወጣ ወረደ ሲባል ያውቃሉ፣ ዘመድ ከተማ አላቸው። የራሳቸውን ታሪክ ሲናገሩ እንኳ የመጀመሪያው አባታችን ኤምፖ ማሮ ከሌላዋ የኢንዶኔዥያ ደሴት ከሱማትራ፣ ሚናንግካባው ከሚባለው ሕዝብ አገር በባሕር ተጉዞ ነው የመጣው ነው የሚሉት። መንገዱ አስቸጋሪ ነው ማለትና ሕዝቡ ዓለምን አያውቅም ማለት ለየቅል ናቸው።

«ሁሉም ነገር ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ነው»

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ዋናው ቤት ይገባል። ሽማግሌው ለአያቶች ጸሎት ያደርሳል፣ እንግዳውን እንደ ቤተኛ ተቀበሉልን ይላል። ይህ እስኪያልቅ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ብዙ ቱሪስት ይህን ለእሱ ሲባል የተፈጠረ ዝግጅት አድርጎ ያየዋል፣ አንዳንዱም ቶሎ በቃ በሚል ስሜት ነው የሚቀመጠው። ግን ጸሎቱ የሚደርሰው ለአያቶች ነው። እንግዳው ያለ ፈቃድ እንዳይገባ፣ ክፉም እንዳያገኘው ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የሚከበረው ፔንቲም እንዲሁ ነው። ላለፈው ምርት ምስጋና፣ ለሚመጣው ዓመት ልመና ነው። ታች ያሉት ዘመዶች ወጥተው ይሰበሰባሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ ወንዶቹ በጅራፍና በጋሻ ቻቺ ይጫወታሉ። ቱሪስት ኖረም አልኖረም ይከበራል።

የእንግዳው ገንዘብ አይጠቅምም አልልም፤ ይጠቅማል። ማደሪያ አዘጋጅተዋል፣ እንግዳው ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ይተኛል፣ የሚበላውን እነሱ ያበስላሉ። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ግን ቡናውን ከራሳቸው እጅ ግዙ። መንደሩ ውስጥ ይሸጣሉ፤ ከዚያ ስትገዙ በመሃል የሚገባ ነጋዴ የለም፣ ያንን ያህል ጆንያም ተሸክመው ከመውረድ ይድናሉ።