እባብ ያየ በልጥ በረየ

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ነበርኩ። ሻይ ይዤ ሐይቁ ዳር ቆሜ ጀልባዎቹን ሳይ እግሬ ሥር የሆነ ነገር ተጥመለመለ። ዘልዬ ወደ ኋላ! ግማሹ ሻይ ጫማዬ ላይ። ለካ ነፋስ ያንቀሳቀሰው የመረብ ገመድ ኖሯል። አጠገቤ መረብ የሚጠግኑ አባት ቀና እንኳ ሳይሉ «አይ ልጄ! እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ። ከሳምንት በፊት እዚያው ሣር ውስጥ እውነተኛ እባብ አይቼ ነበር።

የከተማ ልጅ ልጥን ላያውቅ ይችላል። ከዛፍ የተላጠ ቅርፊት ነው። ገጠር እንደ ገመድ ያገለግላል፤ አጥርና ማገር ይታሰርበታል፣ የእንጨት ሸክም ይጠፈርበታል። እርጥቡ ልጥ ሣር ላይ ተጠማዞ ሲወድቅ ቁርጥ እባብ ነው። አባባሉ የበቀለው ከዚህ ኑሮ ነው። «በረየ» ደግሞ ደንግጦ ሸሸ ማለት ነው፤ እኔ ከዚህ አባባል ውጭ ሰምቼው አላውቅም። አንዴ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን የሚመስለውን ሁሉ ይሸሻል ነው ነገሩ። ባጃጅ የገጨው ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ቢዘል፣ ዕቁቡን የበሉበት ሰው ሁለተኛ ዕቁብ አልገባም ቢል፣ የምትወረወርበት ይቺው ናት። ብዙ ጊዜ ለማሾፍ።

ማሾፉ ግን ያለ ቦታው ይመስለኛል። አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንቲስት ጆሴፍ ለዱ አይጦችን ድምፅ እያሰማ በኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበር። ቆይቶ ድምፁ ብቻውን ሲመጣም ባሉበት ድርቅ አሉ። እሱ እንዳሳየው መልእክቱ አንጎል ውስጥ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አቋራጭ ነው፤ ታላመስ ከሚባለው ክፍል በቀጥታ አሚግዳላ ወደምትባለው ትንሽ የአደጋ ጠባቂ ይገባል። ሌላው ዞሮ፣ ኮርቴክስ በሚባለው የአንጎል የላይኛው ሽፋን በኩል አልፎ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ተጣርቶ ይደርሳል። እስኪጣራ ሰውነት ዘሏል። ለዱ ይህን ሲያስረዳ የሚያመጣው ምሳሌ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጫካ ውስጥ እባብ የሚመስል እንጨት! የኛ ሰው ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሶበታል። ደግሞ ኮርቴክስ በላቲን የዛፍ ቅርፊት ማለት ነው። «ተረጋጋ፣ ልጥ ነው» የሚለን ራሱ ልጥ መሆኑ አያስቅም?

«ገመድ ነው እኮ» ብሎ ማስረዳትስ? ብዙም አይረዳ። ስዊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ክላፓሬድ አዲስ ነገር ማስታወስ የማትችል ታካሚ ነበረችው። አንድ ቀን መዳፉ ውስጥ መርፌ ደብቆ ጨበጣት። በኋላ እጁን ሲዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። መወጋቷን ግን አታስታውስም። ይህን በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ጭካኔው ትንሽ ይከብዳል፤ ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው። ፍርሃት የራሱ ማኅደር አለው፤ እኛ የረሳነውን እሱ ይይዛል።

ለአባትዬው ይህን ሁሉ አላወራሁም። «እውነትዎን ነው» ብዬ ሌላ ሻይ አዘዝኩ። ገመድ መሆኑን እያወቅኩ ግን ቦታ ቀየርኩ።